የቆየ የወጥ ቤት ካቢኔትን ቀለም መቀባት፦ በአነስተኛ ወጪ ለሚያድስ ሰው የንጽጽር መመሪያ

ወጥ ቤቱን በአነስተኛ ወጪ ለማደስ ያሰበ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ካቢኔቱ ላይ ነው። ወደ ክፍሉ ሲገባ ጎልቶ የሚታየው እርሱ ነው፤ በአዲስ ልተካው ቢባልም ከእድሳቱ በጀት ትልቁን ድርሻ የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ እርሱ ነው። ስለዚህ «ቀለም ብቀባውስ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ጊዜውን የሚጨርሰው ነጭ ይሁን ግራጫ በሚለው ክርክር ላይ ነው፤ ሥራው ለዓመታት መጽናቱን ወይም በወራት ውስጥ መላጡን የሚወስነው ግን የቀለሙ መልክ ሳይሆን ከቀለሙ ሥር ያለው ነገር ነው። ካቢኔቱ ከምን ተሠራ? ቀደም ሲል በምን ተቀባ? ላዩ ላይ ምን ያህል ቅባት ተጋግሯል? ምርጫዎቹን የማነጻጽረው በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

መቀባት፣ በሮቹን ብቻ መቀየር ወይስ ሁሉንም መተካት

ቀለም ለመግዛት ከመውጣትዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ለምርመራ ይመድቡ። በሮቹንና መሳቢያዎቹን ሁሉ ከፍተው፣ ዕቃውን አውጥተው፣ በተለይ ከሲንኩ ሥር ያለውን ወለልና የጎን ሰሌዳ በአውራ ጣትዎ ይጫኑ። ካቢኔቱ ከቺፑድ የተሠራ ከሆነና ውኃ ገብቶበት ካበጠ ጫፉ ሲነካ ይፈረፈራል፤ ያበጠ ቺፑድ ደግሞ ደርቆም ቢሆን ወደ ቀድሞ ውፍረቱ አይመለስም፣ ስቱኮም ሆነ ቀለም አያድነውም። ከዚያ ወደ ማጠፊያዎቹ ይሂዱ። ብሎኑ ሲጠብቅ ይይዛል ወይስ ቀዳዳው ሰፍቶ ዝም ብሎ ይሽከረከራል? ሰፍቶ ከሆነ ኮላ የተቀባ ቀጭን የእንጨት ስንጣሪ ቀዳዳው ውስጥ አስገብቶ፣ ሲደርቅ ቆርጦ አስተካክሎ፣ እንደገና መብሳት ይቻላል፤ ይህ ቀላል ጥገና ስለሆነ ካቢኔቱን ለመጣል ምክንያት አይሆንም።

ሳጥኑ ጤናማ ሆኖ በሮቹም ካልተጣመሙ መቀባት ከሁሉ የተሻለው ምርጫ ነው። ሳጥኑ ጤናማ ሆኖ በሮቹ ከተጣመሙ ወይም ሽፋናቸው ከተገነጠለ፣ ሳጥኑን ቀብቶ በሮቹንና የመሳቢያ ግንባሮቹን ብቻ አዲስ ማሠራት መካከለኛው መንገድ ነው። በዚህ ጊዜ አሮጌው በር ሳይጣል ልኩና የማጠፊያው ቦታ በጥንቃቄ ይለካ፤ በበሩ ውስጥ የሚገባው ስውር ማጠፊያ በአብዛኛው 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ጉድጓድ የሚፈልግ ነው፣ ጉድጓዱ በትክክለኛው ቦታ ከተበሳ አሮጌዎቹን ማጠፊያዎች መልሶ መጠቀም ይቻላል። ሙሉ በሙሉ መተካት የሚገባው ሳጥኑ ሲበሰብስ ወይም የካቢኔቱ አቀማመጥ ራሱ የማይመች ሲሆን ነው። ምድጃው የተቀመጠበት ቦታ ለዓመታት ሲያስቸግርዎት ከኖረ ቀለም ያንን ችግር አይፈታውም፤ ቀብቶ በሁለተኛው ዓመት ማፍረስ ደግሞ ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ማውጣት ነው።

ብዙዎች የሚዘሉት አንድ ሌላ አማራጭም አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ከሲንኩ ሥር ያለው አንዱ ሳጥን ብቻ ነው። እርሱን ለይቶ አዲስ አሠርቶ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ቀለም መቀባት ልዩነቱን ስለሚያጠፋው፣ ለአንድ ሳጥን ተብሎ ሁሉንም ማፍረስ አያስፈልግም።

ካቢኔቱ ከምን ተሠራ

ጣውላና ኮምፔንሳቶ ለቀለም የሚመቹ ናቸው፤ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃሉ፣ ቀለምም ይይዛሉ። ጣውላ ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ የአንዳንድ እንጨቶች ጉጥ (ቅርንጫፍ የበቀለበት ጠንካራ ቋጠሮ) እና የተፈጥሮ ማቅለሚያቸው በነጭ ቀለም ውስጥ አልፎ ቢጫ ወይም ቡናማ እድፍ ሆኖ ይወጣል፤ ይህ በተለይ በውኃ በሚቀጥን ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መያዣ ንብርብር) ላይ ይታያል። ሁለተኛ፣ ጣውላ እንደ አየሩ እርጥበት ስለሚያብጥና ስለሚሟሽሽ የበሩ ክፈፍ ከመካከለኛው ሰሌዳ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ከጊዜ በኋላ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ሊታይ ይችላል። ይህ የቀቢው ስህተት ሳይሆን የእንጨቱ ተፈጥሮ ነው።

ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ) ፊቱ እጅግ ልሙጥ ስለሆነ ቀለም ያምርበታል፣ የተቆረጠው ጠርዙ ግን ቀለምን እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል። ጠርዙ በቀጭን ስቱኮ ወይም በሁለት ዙር ፕራይመር ካልተደፈነ ከፊቱ ጋር አንድ ዓይነት ብርሃን አይሰጥም፣ ሸካራ ሆኖም ይቀራል።

ፎርማይካና ሜላሚን ላያቸው ፕላስቲክ ነው፤ ቀለም ወደ ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ የላቸውም። «አይቀባም» የሚለው የተለመደ አባባል ግን ትክክል አይደለም። ይቀባል፣ ነገር ግን ብርሃኑ እስኪጠፋ ድረስ መፋቅና በልሙጥ ነገር ላይ እንዲይዝ ተብሎ የተሠራ ፕራይመር ማግኘት አለበት። ከሁሉ የሚያስቸግረው በሙቀት የተለጠፈ የፕላስቲክ ልባስ ያለው በር ነው። ልባሱ በምድጃው አጠገብ ጠርዙን ማንሳት ከጀመረ በላዩ ላይ መቀባት ከንቱ ድካም ነው፤ ልባሱ ሲገነጠል ቀለሙንም ይዞት ይሄዳል። ወይ ልባሱ ሙሉ በሙሉ ተገፎ ከሥሩ ያለው ኤምዲኤፍ ይቀባ፣ ወይ በሩ ይቀየር።

ቀድሞ የተቀባ ካቢኔት ከሆነ አሮጌው ቀለም ምን እንደሆነ መለየት ይጠቅማል። ጥጥ በአልኮል ነክረው በማይታይ ቦታ ላይ አጥብቀው ይሹት። ቀለሙ ለስልሶ ጥጡ ላይ ከወጣ በውኃ የሚቀጥን ቀለም ነው፤ ምንም ካልሆነ የዘይት ቀለም የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በጣም ያረጀ ቀለም ላይ ሌላ ጥንቃቄ አለ፤ የጥንት ቀለሞች እርሳስ የያዙ ሊሆኑ ይችላሉ። አሜሪካ እርሳስ ያለበትን የመኖሪያ ቤት ቀለም የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፣ ዛሬም ክልከላው የሌለባቸው አገሮች አሉ። የእርሳስ ብናኝ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ስለሆነ፣ ጥርጣሬ ካለ ቀለሙ ሳይመረመር በደረቁ አይፋቅ።

ጽዳትና መፋቅ፦ ምርጫ የሌለበት ክፍል

በዚህ ክፍል የማነጻጽረው አማራጭ የለኝም፤ ሊታለፍ የማይችል ሥራ ነውና። እኔ መጀመሪያ የቀባሁትን ካቢኔት በእርጥብ ጨርቅ ወልውዬ፣ ንጹሕ መስሎኝ፣ በጥሩ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባሁት። ሲያልቅ ያማረ ነበር። በሦስተኛው ወር ከምድጃው ጎን ባለው መሳቢያ እጀታ ዙሪያ ትንሽ ነገር አየሁና በጥፍሬ ብነካው ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገልጦ ተነሳ። የተነሳውን ቁራጭ ገልብጬ ሳየው ጀርባው ላይ ቢጫ፣ የሚያጣብቅ ስስ የቅባት ሽፋን ነበር፤ ቀለሙ የተጣበቀው ከእንጨቱ ጋር ሳይሆን ከዓመታት የምግብ ዘይት እንፋሎት ጋር ኖሯል። ሥራውን በሙሉ ልጬ እንደ አዲስ ጀመርኩት።

ስለዚህ በሮቹ ከነማጠፊያቸው ይፈቱ፣ እያንዳንዱ በርም ማጠፊያው ባለበትና በሚሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ ቁጥር ይጻፍበት። ከዚያ ቅባት በሚያነሳ ማጽጃ ይታጠቡ፤ ለዚህ የተሠራ ማጽጃ ከሌለ በሞቀ ውኃ የተበጠበጠ ጠንካራ የዕቃ ሳሙና ሁለት ጊዜ ደጋግሞ መጠቀም ይቻላል። ቀጥሎ በንጹሕ ውኃ መወልወል ግድ ነው፤ የቀረ ሳሙና እንደ ቅባት ሁሉ ቀለም እንዳይይዝ ያደርጋል። በእጀታዎቹ ዙሪያ፣ ከምድጃው በላይና ግራ ቀኝ ልዩ ትኩረት ይሰጥ። ማጽዳቱ ከመፋቁ መቅደም አለበት፤ ቅባቱ እያለ ከተፋቀ ብርጭቆ ወረቀቱ ቅባቱን ወደ እንጨቱ ውስጥ ያስገባዋል።

መፋቅ ሲባል አሮጌውን ቀለም ጨርሶ ማንሳት ማለት አይደለም። ቀለሙ ጠንክሮ ከያዘ ብርሃኑን ማጥፋት ብቻ በቂ ነው። ለተለመደው ሥራ ባለ 150 ወይም ባለ 180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይበቃል፤ በቀለም ዙሮች መካከል ደግሞ ባለ 220 ወይም ባለ 320 ይሻላል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ወረቀቱ እየላመ ይሄዳል። ብናኙ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ደርቆ ካልሆነ በቀር ቀለም አይጀመር።

ፕራይመር፦ ሦስት ዓይነት፣ ሦስት ሥራ

በውኃ የሚቀጥን አጣባቂ ፕራይመር ሽታው አነስተኛ ነው፣ በፍጥነት ይደርቃል፣ ብሩሹም በውኃ ይታጠባል፤ ለኤምዲኤፍ ፊት፣ ቀድሞ ለተቀባ እንጨት፣ እንዲሁም ጣሳው ላይ በግልጽ ከተጻፈ ለፎርማይካ ይሆናል። ድክመቱ የእንጨትን እድፍ ሁልጊዜ አለመያዙ ነው። በዘይት የተሠራ ፕራይመር እድፍ ይይዛል፣ ለመፋቅም ይመቻል፤ ነገር ግን ሽታው ከባድ ነው፣ ለመድረቅም ብዙውን ጊዜ አንድ ሌሊት ይፈልጋል። በሼላክ (ከተፈጥሮ የሚገኝ ሙጫ) የተሠራው ደግሞ በአልኮል የሚቀጥን ሲሆን በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ይደርቃል፣ የእንጨት ጉጥ፣ ጭስና የቆየ ሽታን ከሌሎቹ ሁሉ የተሻለ ይዘጋል፣ በልሙጥ ነገር ላይም ጠንክሮ ይይዛል። ነገር ግን እየተቀባ ሳለ የሚወጣው ተን በቀላሉ በእሳት ይያያዛል፤ ምድጃ ጠፍቶ፣ መስኮት ተከፍቶ ካልሆነ በወጥ ቤት ውስጥ አይሞከር።

እኔ የማደርገው እድፍ የሚያወጣ ጣውላ ሲሆን ሼላክ፣ በቀረው ሁሉ በውኃ የሚቀጥነውን አጣባቂ ፕራይመር መጠቀም ነው። «ፕራይመርና ቀለም በአንድ ጣሳ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ቀለሞች ለግድግዳ ይስማሙ ይሆናል፣ ለካቢኔት ግን አልመክራቸውም።

ጥርጣሬ ካለ ፈተናው ቀላል ነው። አንድ በር ጀርባውን ፕራይመር ቀብተው ለጥቂት ቀናት ያድርቁት፣ በምላጭ አነስተኛ የመስቀለኛ ጭረቶች ያድርጉበት፣ ፕላስተር ለጥፈው በአንድ ጊዜ ይሳቡት። ፕላስተሩ ቀለም ይዞ ከተነሳ ጽዳቱ፣ መፋቁ ወይም የፕራይመሩ ምርጫ ስህተት አለበት ማለት ነው፤ ይህን በአንድ በር ጀርባ ላይ ማወቅ በሃያ በሮች ፊት ላይ ከማወቅ ይሻላል።

ቀለሙ፦ የዘይት፣ የውኃ ወይስ የሁለቱ ድቅል

የዘይት ቀለም ለረጅም ዘመን የካቢኔት ቀለም ሆኖ ኖሯል፤ ምክንያትም ነበረው። ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ የብሩሽ መስመሩ ራሱ ይተኛል፣ ሲደርቅም ጠንካራና ልሙጥ ይሆናል። ይሁን እንጂ ነጭ የዘይት ቀለም ከጊዜ ጋር ቢጫ ይሆናል፣ ይህም ብርሃን በማያገኝ ቦታ ይብሳል፤ የበሩ ጀርባ ከፊቱ ቀድሞ ቢጫ የሚሆነው ለዚህ ነው። በአንድ ዙርና በሌላው መካከል አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል፣ ማቅጠኛውና ማጠቢያው አኳራጅ ነው፣ ሽታውም ለቀናት በቤት ውስጥ ይቆያል። በዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨምድዶ ከተጣለ በራሱ ሊሞቅና በእሳት ሊያያዝ ስለሚችል፣ ጨርቆቹ ተዘርግተው ውጭ መድረቅ ወይም ውኃ ባለበት ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ መቀመጥ አለባቸው።

በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ ኢናሜል ቢጫ አይሆንም፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሁለተኛውን ዙር ይቀበላል፣ ሽታውም ቀላል ነው። እዚህ ላይ ለግድግዳ ከሚሆነው የውኃ ቀለም ጋር እንዳይምታታ ያስፈልጋል። የግድግዳ ቀለም በካቢኔት ላይ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፣ በሩ ሲዘጋ ከሳጥኑ ጋር ይጣበቃል፣ ሲታጠብም ይለቃል። ጣሳው ላይ ለበር፣ ለመስኮትና ለቤት ዕቃ መሆኑ የተጻፈውን ብቻ ይምረጡ። የአክሪሊክ ኢናሜል ችግሩ ፈጥኖ መድረቁ ነው፤ የጀመሩትን በር ሳይጨርሱ ቢመለሱበት የብሩሹ ምልክት ይቀራል።

ድቅሉ በውኃ የሚቀጥን አልኪድ የሚባለው ነው። እንደ ዘይት ቀለም መስመሩ ይተኛለታል፣ ጠንክሮም ይደርቃል፣ ብሩሹ ግን በውኃ ይታጠባል፤ ቢጫ የመሆን ጠባዩም ከዘይት ያነሰ ነው። በሁለት ዙሮች መካከል ብዙውን ጊዜ አንድ ሌሊት መጠበቅን ይጠይቃል። እኔ በብሩሽና በትንሽ ሩሎ ለሚሠራ ሰው ይህንኑ እመርጣለሁ፤ የትዕግሥቱን ዋጋ በልሙጥነቱ ይመልሰዋል።

ስለ ኖራ መሰሉ ደብዛዛ ቀለም ብዙ ይወራል፣ መፋቅ አይፈልግም ስለሚባልም ሰውን ይማርካል። ለመኝታ ቤት መሳቢያ ያማረ ነው። ለወጥ ቤት ግን አልመርጠውም፤ ቀለሙ ቅባት የሚመጥ ነው፣ በላዩ የሚቀባው ሰም ደግሞ በሙቀትና በመወልወል ያልቃል። ሁለት ክፍል ተቀላቅሎ የሚጠነክረው ፖሊዩሬቴን ከሁሉም ይበረታል፣ ነገር ግን ማጠንከሪያው ሳንባን የሚጎዳ አይሶሳይናይት የተባለ ኬሚካል ስላለበት ተገቢ የመተንፈሻ መከላከያ ላለው ባለሙያ የሚተው ነው።

የብርሃኑን መጠን በተመለከተ፣ መካከለኛ ብርሃን ያለው ለአብዛኛው ቤት ይስማማል። ሙሉ አንጸባራቂ በቀላሉ ይጸዳል፣ ነገር ግን ያልተስተካከለ ስቱኮንና እያንዳንዱን ጭረት ያሳያል፤ ደብዛዛው ጉድለትን ይሸፍናል፣ በእጅ በሚነካበት ቦታ ግን ቶሎ ይጠቁራል።

ርካሹን ቀለም ለመግዛት ከማሰብዎ በፊት ይህን ስሌት ይመልከቱ። 40 በ70 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 20 በሮች በሁለቱም ፊታቸው ሲደመሩ 11 ካሬ ሜትር ያህል ናቸው። ለሳጥኖቹ ግንባርና ጎን 3 ካሬ ሜትር ቢጨመር 14 ይሆናል፣ በሁለት ዙር ደግሞ 28። አንድ ሊትር ቀለም በአንድ ዙር 10 ካሬ ሜትር ገደማ ከሸፈነ፣ ጠቅላላው ሥራ የሚፈልገው 3 ሊትር ብቻ ነው። በሦስት ሊትር ላይ በሚገኝ የዋጋ ልዩነት ለሁለት ሳምንት የሚደከምበትን ሥራ አደጋ ላይ መጣል ቁጠባ አይባልም። የሚቆጠበው ሌላ ቦታ ነው፤ ለምሳሌ የሳጥኖቹን ውስጥ ሳይቀቡ መተው ድካሙንም ቀለሙንም በእጅጉ ይቀንሳል፣ በሩ ሲዘጋም አይታይም።

ብሩሽ፣ ሩሎ ወይስ ስፕሬይ

ስፕሬይ እንደ ፋብሪካ ሥራ የተስተካከለ ፊት ይሰጣል። ግን የሚረጨው ቀለም እንደ ጉም በየቦታው ስለሚያርፍ ግድግዳው፣ ወለሉ፣ ምድጃውና ጣሪያው በፕላስቲክ መሸፈን አለባቸው፤ ሽፈናው ብቻ አንድ ቀን ሊወስድ ይችላል። መሣሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘ ሰው ቀለሙን አብዝቶ ያወርደዋል ወይም አሳንሶ ሸካራ ያደርገዋል። 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጥቅጥቅ ያለ የስፖንጅ ሩሎ ለጠፍጣፋ በር በቂ ውበት ይሰጣል፤ ቅርጽ ላላቸው በሮች ደግሞ መጀመሪያ ጎድጓዳውን በጥሩ ብሩሽ፣ ቀጥሎ መካከሉን፣ መጨረሻ ክፈፉን መቀባት ነው።

በዚህ ምርጫ ውስጥ ከሁሉ የምወደው ሁለቱን መከፋፈል ነው። በሮቹና የመሳቢያ ግንባሮቹ ተፈተው ወደ ስፕሬይ ባለሙያ ይሂዱ፣ ሳጥኖቹን ግን እርስዎ በቤት ውስጥ በሩሎ ይቀቧቸው። ዓይን የሚያርፍበት በሩ ላይ ነው፤ የሳጥኑ ግንባር ጠባብ ስለሆነ ልዩነቱን የሚያስተውል ሰው አይኖርም፣ ወጥ ቤቱም በፕላስቲክ አይታሸግም። ቀለሙ ከአንድ ጣሳ ወይም ከአንድ ቅልቅል ተከፍሎ መሰጠቱን ብቻ ያረጋግጡ።

ሁሉንም ለባለሙያ የሚሰጡ ከሆነ ከዋጋው በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ በምን ታጸዳዋለህ፣ ምን ፕራይመር ትጠቀማለህ፣ በሮቹን ፈትተህ ነው ወይስ ተሰቅለው እያሉ ነው የምትቀባው? ተሰቅለው እያሉ የሚቀባ ባለሙያ ማጠፊያውን አብሮ ይቀባዋል፣ የበሩ ጠርዝም ሳይሸፈን ይቀራል። በሁለት ቀን ጨርሼ አስረክባለሁ የሚል ደግሞ ከማድረቂያው ጊዜ ላይ ነው የሚቀንሰው።

መድረቅና መጠንከር የተለያዩ ናቸው

ቀለም ሲነኩት በእጅ አለመያዙ ደረቀ ማለት እንጂ ጠነከረ ማለት አይደለም። አብዛኞቹ የካቢኔት ቀለሞች ሙሉ ጥንካሬያቸውን የሚያገኙት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ አየሩ ቀዝቃዛ ወይም እርጥብ ከሆነ ይዘገያል። በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ በሮቹን ሰቅሎ በጥንቃቄ መጠቀም ይቻላል፣ ነገር ግን በማጽጃ አይታጠቡ፣ እርጥብ ፎጣም አይንጠልጠልባቸው። በሩ ከሳጥኑ ጋር በሚገናኝባቸው ማዕዘኖች ላይ ትናንሽ የላስቲክ ማረፊያዎች መለጠፍ እንዳይጣበቁ ይረዳል።

እጀታ መቀየር ከታሰበ ውሳኔው ከቀለሙ በፊት ይሁን። የእጀታ ብሎኖች ርቀት አብዛኛውን ጊዜ 96 ወይም 128 ሚሊ ሜትር ነው፤ አዲሱ ከአሮጌው ጋር እኩል ከሆነ ምንም አይበሳም፣ ካልሆነ ግን አሮጌው ቀዳዳ ከፕራይመሩ በፊት በስቱኮ መደፈንና መፋቅ አለበት። ከቀለሙ የተረፈውን ደግሞ እስከ አፉ በሚሞላ አነስተኛ ብርጭቆ ውስጥ ገልብጠው፣ የቀለሙን ስም፣ የቅልቅሉን ቁጥርና ቀኑን ጽፈውበት በጥላ ያስቀምጡት፤ ድስት የገጨው የመሳቢያ ጠርዝ በዚያው ቀለምና በቀጭን ብሩሽ በጥቂት ደቂቃ ይጠገናል።